«ሌባ» ተብላ ምስሏ ለተሰራጨው እኅትዎ፦ መንገዱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ነው፣ ጊዜው ግን እያለቀ ነው

ከሐዋሳ የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው፦ «እኅቴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ቡቲክ ቀሚስ ገዝታ ሂሳቡን በቴሌብር ከፈለች። የክፍያው መልእክት ለሻጯ ዘግይቶ ስለደረሰ የሱቁ ባለቤት በማግስቱ የደኅንነት ካሜራው የቀረጸውን ምስል ‹ይህችን ሌባ የሚያውቅ ይጠቁመን› ብሎ ቲክቶክ ላይ ለጠፈው። ራሱን የአካባቢ ዜና አቅራቢ የሚል አንድ የፌስቡክ ገጽና ሁለት የቴሌግራም ቻናሎች ተቀባበሉት። ፖሊስ መክፈሏን አረጋግጦ አሰናበታት፤ ቪዲዮው ግን እስካሁን አለ። በመስተንግዶ የምትሠራበት ሆቴልም ‹ስማችንን ታጠፊያለሽ› ብሎ ከሥራ አስወጥቷታል። ነገሩ ከሆነ ሁለት ወር ከአሥር ቀን አልፎታል። ሕገ መንግሥቱ የግል ሕይወትን ስለሚጠብቅ በቀጥታ ለፌዴሬሽን ምክር ቤት አቤቱታ ልናስገባ ነው። ሌሎች ደግሞ ‹ሱቅ የሕዝብ ቦታ ነው፤ ስም ማጥፋት ወንጀል መሆኑ ቀርቷል፤ ሰውየውም 5,000 ተከታይ የለውም፤ ስለዚህ ምንም አታመጡም› ይሉናል። የቱ ነው ትክክል?»

የሁለቱም ወገን ምክር የተሳሳተ ነው። ከሁለቱ ይበልጥ የሚጎዳችሁ ግን የመጀመሪያው ነው፣ ምክንያቱም ለማይመለከተው አካል የሚጻፍ አቤቱታ ሲመላለስ ዋናው የይርጋ ጊዜ፣ ማለትም አቤቱታ የማቅረቢያው ገደብ፣ ያልቃል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 213 መሠረት በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስቀጣ ወንጀል ሲፈጸም ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ አቤቱታውን ማቅረብ አለበት። እኅትዎ ቪዲዮውንም የለጠፈውንም ሰው ያወቀችው በዚያው ሰሞን ከሆነ የቀራት ጊዜ ሦስት ሳምንት እንኳ አይሞላም። ይህ ቀን ካለፈ በኋላ የወንጀሉ በር ይዘጋል፤ ከዚያ ወዲያ «ፌዴሬሽን ምክር ቤት እየጠበቅሁ ነበር» የሚለው ማብራሪያ በሩን አይከፍተውም።

ስለ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ያላችሁ ግንዛቤ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጡ አንዳንድ ራፖር ጸሐፊዎች ማንኛውንም አቤቱታ «ሕገ መንግሥታዊ መብቴ ስለተጣሰ» ብለው ይጀምራሉ፤ ባለጉዳዩም ሕገ መንግሥት የሚለው ቃል ከተጻፈ ጉዳዩ ወደ ከፍተኛው ቦታ መሄድ ያለበት ይመስለዋል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ አንቀጽ 24 ደግሞ ክብርንና መልካም ስምን እንደሚጠብቅ እርግጥ ነው። አንቀጽ 9(2) ማንኛውም ዜጋ ለሕገ መንግሥቱ ተገዢ የመሆን ኃላፊነት እንዳለበት ስለሚደነግግም የቡቲኩ ባለቤት «ሕገ መንግሥቱ የሚገዛው መንግሥትን ነው» ሊል አይችልም። መብቱ መኖሩና መብቱን የሚያስከብረው አካል ማን እንደሆነ ግን የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንቀጽ 83 እና 84 ለፌዴሬሽን ምክር ቤትና ለሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ የሰጡት ሥልጣን ሕገ መንግሥቱን መተርጎም ነው፤ በእኅትዎ ጉዳይ ደግሞ የሚተረጎም ነገር የለም። ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል የምትሉት ሕግ የለም፣ የመንግሥት አካልም የመጨረሻ ውሳኔ አልሰጠባችሁም። አዋጅ ቁጥር 798/2005 መሠረታዊ መብቱ ተጥሷል የሚል ሰው ለጉባኤው አቤት እንዲል የሚፈቅደው በመንግሥት ተቋም ወይም ባለሥልጣን የመጨረሻ ውሳኔ ሲጎዳና በደረጃ ያሉትን መንገዶች አሟጦ ሲጨርስ ነው።

ምክር ቤቱ ምን ዓይነት ነገር እንደሚያይ ለመረዳት በ2006 ዓ.ም. የቀድሞው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር የአቶ መላኩ ፈንታን ጉዳይ ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ጉዳይ የተነሣው ጥያቄ ሰውየው አጥፍተዋል ወይስ አላጠፉም የሚል አልነበረም፤ የሚኒስትር ማዕረግ ያለው ሰው በቀጥታ በጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲዳኝ የሚያደርግ ሕግ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20(6) የተረጋገጠውን የይግባኝ መብት አያሳጣም ወይ የሚል ነበር። በ2012 ዓ.ም. በምርጫው መራዘም ላይ የተሰጠው ውሳኔም እንዲሁ የሕገ መንግሥት አንቀጾችን ትርጉም የሚመለከት ነበር። «ምስሌ ይውረድልኝ፣ ካሳ ይከፈለኝ» የሚል ጥያቄ ግን በአንቀጽ 37 መሠረት የፍርድ ቤት ነው። አንቀጽ 13(1) በየደረጃው ያሉ የዳኝነት አካላትም የመሠረታዊ መብቶችን ድንጋጌዎች የማክበርና የማስከበር ግዴታ ስላለባቸው ክሳችሁ ላይ አንቀጽ 24ን እና 26ን መጥቀስ ትችላላችሁ፤ ጠቃሚም ነው። ይሁን እንጂ ክሱን የሚሸከመው ሌላ ሕግ ነው።

ያም ሕግ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። ስለ ቲክቶክ ሲነሣ ስድሳ ዓመት ያለፈውን ሕግ መጥቀሴ ያስገርም ይሆናል፤ ነገር ግን በአገራችን ስለ ሰው ምስል ከአንቀጽ 27 እስከ 30 ድረስ እንዳለው ጥርት ያለ ድንጋጌ የትም አላውቅም። አንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየትን፣ ማባዛትን ወይም መሸጥን ይከለክላል። ምስሉ እውነተኛ መሆኑ፣ ያልተነካካ መሆኑ ወይም ቀራጩ የካሜራው ባለቤት መሆኑ ለውጥ አያመጣም። ካሜራው የእሱ ነው፣ መልኩ ግን የእሷ ነው።

«ሱቅ የሕዝብ ቦታ ነው» የሚለው መከራከሪያ የሚመነጨው ከአንቀጽ 28 ነው፤ ሙሉ በሙሉ ባዶ ስላልሆነ በጥንቃቄ መመለስ ይኖርበታል። ይህ አንቀጽ ፈቃድ የማያስፈልግባቸውን ሁኔታዎች ይዘረዝራል፦ ሰውየው በሕዝብ ዘንድ የታወቀ ሲሆን ወይም በያዘው የመንግሥት ኃላፊነት ምክንያት፣ ለፍትሕ ወይም ለፖሊስ ሥራ ሲያስፈልግ፣ ለሳይንስ፣ ለባህል ወይም ለትምህርት ጥቅም ሲሆን፣ እንዲሁም ምስሉ ሕዝብን ከሚመለከት ወይም በሕዝብ ፊት ከተፈጸመ ሁኔታ ወይም ሥነ ሥርዓት ጋር የተያያዘ ሲሆን። በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፊቼ ጨምበላላ፣ በሐዋሳው ጉዱማሌ አደባባይ ከሚጨፍረው ሕዝብ መካከል እኅትዎ ብትታይና ፎቶው የበዓሉ ዜና ማጀቢያ ቢሆን ክስ አይኖራትም። ያንኑ ፎቶ አንድ ሆቴል ቆርጦ ለራሱ ማስታወቂያ ቢያደርገው ግን ነገሩ ይለወጣል፣ ምክንያቱም ምስሉ ከበዓሉ ተነጥሎ የእሷን መልክ ለሌላ ዓላማ ማዋያ ሆኗል። ልዩነቱን የሚወስነው የቆመችበት ቦታ ብቻ አይደለም፤ ምስሉ ለምን ነገር ማሳያ ሆነ የሚለውም ነው።

ተከሳሹ ሁለት የአንቀጽ 28 ክፍሎችን እንደሚጠቅስ ከወዲሁ ገምቱ። አንደኛው «ለፖሊስ ሥራ» የሚለው ነው። ለዚህ መልሱ አጭር ነው፦ የፖሊስ ሥራ ፍላጎት የፖሊስ ነው። ባለሱቁ ተሰረቅሁ ካለ ቅጂውን ለፖሊስ ማስረከብ ይችላል፤ መረከቡንም ሆነ ለሕዝብ ማሳየት ማስፈለግ አለማስፈለጉን የሚወስነው መርማሪው ነው። ራሱን መርማሪም ዳኛም አድርጎ ለመላው ከተማ መበተን በዚህ ልዩ ሁኔታ አይሸፈንም። ሁለተኛው «በሕዝብ ፊት የተፈጸመ ሁኔታ» የሚለው ሲሆን የክሳችሁ ደካማ ጎን እዚህ ላይ መሆኑን ልሸሽግ አልችልም፤ ዳኛው ይህን ሐረግ አስፍቶ ሊያነበው ይችላል። ጠበቃችሁ ሊያቀርበው የሚገባው ክርክር ልዩ ሁኔታ ሁልጊዜ በጠባቡ ይተረጎማል፣ ቀሚስ መግዛትም ሕዝብን የሚመለከት ክንውን አይደለም፣ ደንበኛም ወደ ሱቅ ስትገባ የደኅንነት ካሜራ መኖሩን ብታውቅ እንኳ የፈቀደችው ለጥበቃ እንጂ ለስርጭት አይደለም የሚል መሆን አለበት።

ለዚህ ክርክር ከውጭ ሁለት ውሳኔዎች ይረዳሉ፤ ሁለቱም የእኛን ፍርድ ቤቶች አያስገድዱም። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1998 የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰጠው ነው፦ ሞንትሪያል ውስጥ በአንድ ሕንፃ ደረጃ ላይ የተቀመጠች የ17 ዓመት ልጅ ሳታውቅ ተነሥታ ፎቶዋ በአንድ የሥነ ጥበብ መጽሔት ወጣ፤ ፍርድ ቤቱ ቦታው አደባባይ መሆኑን እያወቀ ፈቃዷ ያስፈልግ ነበር ብሎ 2,000 ዶላር ካሳ አጸናላት። የኩቤክ የፍትሐ ብሔር ሕግ ከፈረንሣይ ሕግ ወግ የሚቀዳ መሆኑ፣ የእኛንም ያረቀቁት ፈረንሣዊው ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ መሆናቸው ንጽጽሩን ከሌሎች አገሮች ይልቅ ቅርብ ያደርገዋል። ሁለተኛው ለእኅትዎ ጉዳይ ይበልጥ ይቀርባል። እንግሊዝ ውስጥ አንድ ሰው በጭንቀት ሕመም ላይ ሳለ በመንገድ ላይ ሲሄድ የከተማው ምክር ቤት የደኅንነት ካሜራ ቀረጸው፤ ምክር ቤቱም ምስሉን ፊቱ በቂ ሆኖ ሳይሸፈን ለመገናኛ ብዙኃን ሰጠ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 የግል ሕይወቱ ተጥሷል ሲል ወሰነ። መንገድ ላይ መታየት ለአላፊ አግዳሚው መታየት ነው፤ ለሚሊዮን ተመልካች መሰራጨት ግን ሰውየው ፈጽሞ ሊጠብቀው ከሚችለው በላይ ነው የሚለው አመክንዮ ለፒያሳው ቡቲክም ይሠራል። የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 13(2) መሠረታዊ መብቶች ኢትዮጵያ ከተቀበለቻቸው ዓለም አቀፍ ሰነዶች ጋር በተጣጣመ መንገድ እንዲተረጎሙ ስለሚያዝ፣ ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም. የተቀበለችው የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 17 ለእንዲህ ያለው ንጽጽር በር ይከፍታል። የአገር ውስጥ የሰበር ውሳኔ ከተገኘ ግን ከሁሉም ይቀድማል፤ በአዋጅ ቁጥር 1234/2013 መሠረት የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የክልል ፍርድ ቤቶችንም ስለሚያስገድድ ጠበቃችሁ ክሱን ከመጻፉ በፊት የታተሙትን የሰበር ውሳኔ ቅጾች ማገላበጥ አለበት።

በአንቀጽ 28 የመሸነፍ ስጋት ስላለ ክሱ በምስሉ ላይ ብቻ መቆም የለበትም። «ሌባ» የሚለው ጽሑፍ ራሱን የቻለ ጥፋት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2044 በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ ሰውን የሚያስጠላ፣ የሚያስንቅ ወይም መሣቂያ የሚያደርግና እምነቱን፣ ዝናውን ወይም የወደፊት ዕድሉን የሚያበላሽ ድርጊት እንደ ስም ማጥፋት ይቆጥራል፤ አንቀጽ 2045 ደግሞ የመጉዳት ሐሳብ መኖር አስፈላጊ እንዳልሆነ ይናገራል። ስለዚህ ባለሱቁ «በቅንነት ተሳስቼ ነው፤ የቴሌብሩ መልእክት አልደረሰኝም ነበር» ቢል ስለ ካሳው መጠን ይከራከርበት እንደሆነ እንጂ ከኃላፊነት አያድነውም። የተነገረው ነገር እውነት መሆኑ መከላከያ ነው፣ እዚህ ግን እውነት አልነበረም፤ የክፍያው ማረጋገጫና የፖሊስ ውጤት በእጃችሁ ነው። በአንድ ክስ ውስጥ ሁለቱንም፣ የምስል መብትንና ስም ማጥፋትን፣ አንዱ ቢወድቅ ሌላው እንዲቆም አድርጋችሁ አቅርቡ።

አሁን «ስም ማጥፋት ወንጀል መሆኑ ቀርቷል» ወደሚለው ልምጣ። ይህ ግማሽ እውነት ነው፤ የተሟላው እውነት ደግሞ የተለየ ነው። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት በፍትሐ ብሔር ብቻ እንዲያስጠይቅ አድርጓል። ዓላማው ጋዜጠኛ ስለጻፈው ነገር እንዳይታሰር መጠበቅ ነው፤ በአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2014 በቡርኪና ፋሶ ጋዜጠኛ ጉዳይ ተመሳሳይ አቅጣጫ ተይዟል፤ እኔም ይህን ለውጥ በሙሉ ልቤ የምደግፈው ነው። ልብስ ሻጭ በግል አካውንቱ የለጠፈው ግን መገናኛ ብዙኃን አይደለም። እሱን የሚመለከተው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13(3) ሲሆን፣ የሌላውን ሰው ክብር ወይም መልካም ስም የሚያጎድፍ ጽሑፍ፣ ቪዲዮ፣ ድምፅ ወይም ምስል በኮምፒውተር ሥርዓት አማካይነት ያሰራጨ ሰው የግል አቤቱታ ሲቀርብበት እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት ወይም እስከ 30,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ወይም በሁለቱም ሊቀጣ እንደሚችል ይደነግጋል። ከላይ ያነሣሁት የ3 ወር ገደብ የሚያሳስበኝም በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ አዋጅ የተመለከቱትን ወንጀሎች በመጀመሪያ ደረጃ የሚያየው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ስለሆነ ጣቢያ ላይ «የእኛ ሥራ አይደለም» ልትባሉ ትችላላችሁ። ያን ጊዜ ተከራክራችሁ ሳትመለሱ፣ በዚያው ቀን አቤቱታውን በጽሑፍ ለዐቃቤ ሕግ አስገቡና ቀን የተጻፈበትና ማኅተም ያረፈበት ቅጂ ያዙ።

የ5,000 ተከታዩ ወሬ ከሌላ ሕግ ተነቅሎ የመጣ ነው። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ሐሰተኛ መረጃ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ሲሰራጭ ቅጣቱን ከፍ ያደርገዋል። ያ አዋጅ የሚጠብቀው የሕዝብን ሰላም ነው፤ «ሐሰተኛ መረጃ» የሚለውም ሁከት፣ ግጭት ወይም ረብሻ ሊያስነሣ የሚችለውን ነው። የአንዲት ሴት ስም መጉደፍ በዚያ ትርጉም ውስጥ አይገባም፤ የጥላቻ ንግግርም አይደለም። ስለዚህ እናንተም አትጥቀሱት፣ እነሱም በተከታያቸው ማነስ አይጽናኑ። በምስልና በስም ማጥፋት ጉዳይ ተከታይ አንድም ይሁን አንድ ሚሊዮን ጥፋቱ ጥፋት ነው፤ ብዛቱ የሚታየው ጉዳት ሲሰላ ነው።

የፌስቡኩ ገጽ ከባለሱቁ ተለይቶ ይታይ። በመገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የተመዘገበ የበይነ መረብ መገናኛ ብዙኃን ከሆነ ኃላፊነቱ የፍትሐ ብሔር ነው፤ እናንተም እርማት እንዲያወጣና የእኅትዎን መልስ እንዲያስተናግድ መጠየቅ፣ እምቢ ካለም ለባለሥልጣኑ ማመልከት ትችላላችሁ። ያልተመዘገበ ከሆነ «ዜና» የሚለውን ስም ስለለጠፈ ብቻ የጋዜጠኛ ከለላ አያገኝም። በሁለቱም ሁኔታ «እኔ ያጋራሁት እንጂ የቀረጽኩት አይደለም» የሚለው መልስ አያዋጣም፣ ምክንያቱም የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሚከለክለው ማሳየትንና ማባዛትን ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ለጥበቃ የተሰበሰበ የሰው መረጃ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል የሚያግድ መርሕ ስላለው ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አቤቱታ ማቅረብ ይቻላል። አዋጁ አዲስ ስለሆነ ግን ዋናውን ክርክር በእሱ ላይ አትመሥርቱ፤ ደጋፊ ይሁን።

ስለ ካሳ የምትጠብቁት ነገር ከእውነታው ጋር እንዲቀራረብ እፈልጋለሁ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2116(3) የኅሊና (የሞራል) ጉዳት ካሳን በምንም ሁኔታ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ገድቦታል። በ1952 ዓ.ም. ያ ገንዘብ ትልቅ ነበር፤ ዛሬ የአንድ ቀሚስ ዋጋ እንኳ አይሞላም፤ ሕግ አውጪው ይህን ቁጥር እስካሁን አለመንካቱ አሳፋሪ ነው ብዬ አምናለሁ። በመገናኛ ብዙኃን ለሚፈጸም ስም ማጥፋት ጣሪያው ቀደም ሲል በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ወደ 100,000 ብር ከፍ ብሎ ነበር፤ በዚህም የተነሣ ከግለሰቡ ይልቅ ገጹ ብዙ የሚጠየቅበት ሁኔታ ይፈጠራል። ይህ ጣሪያ ግን የቁሳዊ ጉዳትን አይነካም። የቀረ ደመወዝ፣ የቀረ ሰርቪስ ቻርጅ፣ ለሕክምና የወጣ ገንዘብ በማስረጃ እስከተደገፈ ድረስ ሙሉ በሙሉ ይጠየቃል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 29 ደግሞ ርትዕ ሲያስገድድ ምስሉን ያሳየው ሰው ከምስሉ ካገኘው ትርፍ ጋር የሚመጣጠን ካሳ እንዲከፍል ለፍርድ ቤቱ ሥልጣን ስለሚሰጥ ቪዲዮው ለሱቁ ማስታወቂያ ሆኖ እንደሆነ ይህን ማንሣት ይቻላል። «አንድ ሚሊዮን ብር ይከፈለኝ» ብሎ መጻፍ ግን የዳኝነት ክፍያውን ከማናር በቀር የሚጨምረው የለም። ክፍያው ከአቅም በላይ ከሆነ በድሃ ደንብ ለመክሰስ ይፈቀድልኝ ብሎ ማመልከት ይቻላል፤ የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍም አለ። የካሳ ክሱ በአንቀጽ 2143 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ የወንጀል ክሱ በነጻ ቢያልቅ እንኳ የፍትሐ ብሔሩ ዳኛ በአንቀጽ 2149 መሠረት በዚያ አይታሰርም።

ሆቴሉን በተመለከተ ጉዳዩ የአሠሪና ሠራተኛ ነው፤ ከዚህ ክስ ጋር አይቀላቀልም። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ወደ ሥራ መመለስ የምትፈልግ ከሆነ ይህም በ3 ወር ይርጋ የሚታገድ ስለሆነ የስንብቷን ቀን ቆጥራችሁ በዚሁ ሳምንት አስገቡ። የስንብት ደብዳቤው ላይ ቪዲዮው ከተጠቀሰ ለካሳውም ክስ ከሁሉ የላቀ ማስረጃ ነው።

የምመክረው ቅደም ተከተል የማይለዋወጥ ነው፤ ማስረጃ ይቅደም። ቪዲዮው እንዲወርድ ለቲክቶክ ሪፖርት ከማድረጋችሁ በፊት የስልክ ስክሪን ቀረጻ ክፈቱና የአካውንቱን ስም፣ ሊንኩን፣ የተለጠፈበትን ቀን፣ የተመልካቹን ብዛት፣ ጽሑፉንና አስተያየቶቹን ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ ሳታቋርጡ ቅረጹ፤ ጉዳዩ የማይመለከተው አንድ ሰው አብሮ ይይና በኋላ ይመስክር። ለገጹና ለቻናሎቹም እንዲሁ። የሱቁ ካሜራ ማጠራቀሚያ ሲሞላ አሮጌውን እያጠፋ ስለሚቀርጽ እኅትዎ ስልኳን አውጥታ ስትከፍል የሚታይበት ክፍል ጠፍቶ ሊሆን ይችላል፤ ፖሊስ ቅጂ ወስዶ እንደሆነ ጠይቁ፣ ቀሪው እንዳይጠፋም ከፍርድ ቤት ትእዛዝ ጠይቁ።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚዘለው፣ እኔ ግን የጉዳዩ ማጠፊያ አድርጌ የማየው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አለ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 29(3) የምስል መብት ለተጣሰበት ሰው የኅሊና ካሳ እንዲከፈል የሚያደርገው ባለምስሉ «ይቁም» ብሎ እየጠየቀ ወዲያውኑ ሳይቆም ሲቀር ነው። ያለ ጥያቄ የተኬደ እንደሆነ ተከሳሹ «ቢነግሩኝ አወርደው ነበር» ብሎ ይህን ካሳ ያስቀረዋል። ደብዳቤው አጭር ይሁን፦ «በዚህ ቀን በዚህ አካውንት የለጠፉት ምስል የእኔ ነው፤ እንዲታይ አልፈቀድኩም፤ የተጻፈብኝም ሐሰት ነው፤ ይህ ደብዳቤ እንደደረስዎ እንዲያወርዱና በዚያው አካውንት እርማት እንዲያወጡ እጠይቃለሁ።» ስድብም ዛቻም አይግባበት። ለባለሱቁ በሁለት ምስክሮች ፊት ይሰጥ ወይም በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ (በአደራ ደብዳቤ) ይላክ፤ ለገጹና ለቻናሎቹ ባለቤቶችም በውስጥ መስመር ይላክና መድረሱ ስክሪንሾት ይደረግ። በዚያው ሳምንት የወንጀል አቤቱታው ይግባ፤ የፍትሐ ብሔሩ ክስም ቪዲዮው ታግዶ እንዲቆይ ከሚጠይቅ ማመልከቻ ጋር ይቅረብ።

የዕግዱን ጥያቄ ስትጽፉ አታስፉት። «ስለ እኅቴ ምንም ነገር እንዳይጻፍ» የሚል ዳኝነት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29(3) ከከለከለው ቅድመ ምርመራ ጋር ይጋጫል፤ ዳኛውም ሊቀበለው አይገባም። የምትጠይቁት ተለይቶ የታወቀ ቪዲዮ፣ ከተለዩ ሊንኮች እንዲወርድና ተከሳሾቹ ያንኑ ምስል ዳግም እንዳይለጥፉ ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ ቢያዝም በየስልኩ የወረደውን ቅጂ የሚያጠፋ ኃይል የለም፤ ይህን ለእኅትዎ ቀድማችሁ ንገሯት። ከማጥፋቱ ይልቅ በዚያው አካውንት የሚወጣ እርማት የበለጠ ሊረዳት ይችላል።

ሁለት ነገር ደግሞ እንዳታደርጉ አሳስባለሁ። ንዴት አሸንፏችሁ የባለሱቁን ፎቶ ከስድብ ጋር አትለጥፉ፤ በማግስቱ በዚያው በኮምፒውተር ወንጀል አዋጁ አንቀጽ 13(3) ተከሳሾች ትሆናላችሁ፣ የእናንተም ክስ ክብደቱን ያጣል። ሌላው የሽምግልናው ነገር ነው። ባለሱቁ ሽማግሌ መላኩ አይቀርም፤ በሲዳማ አፊኒ ወግም ተቀምጦ እውነቱን አውጥቶ መታረቅ ትልቅ ቦታ ያለው ስለሆነ በሩን አትዝጉ። ነገር ግን የአቤቱታው 3 ወር ሽማግሌ ተቀምጧል ተብሎ አይቆምምና አስቀድማችሁ አቤቱታውን አስገቡ፣ ከዚያ በኋላ ታረቁ። የእርቁ ወረቀት ቪዲዮው የሚወርድበትን ቀን፣ የእርማቱን ቃል በቃል ጽሑፍ፣ እርማቱ በአካውንቱ ላይ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆይ፣ የካሳውን መጠንና ባይፈጸም ምን እንደሚከተል ይያዝ፤ አቤቱታው የሚነሣውም እርማቱ ወጥቶ ገንዘቡ ከተከፈለ በኋላ እንደሆነ በግልጽ ይጻፍበት።